የትኛው ይደገም

ሁለቱ እህትማማቾች የድምፅ መቅረጫውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ አንዷ በራስጌው አንዷ በግርጌው ይዘው፣ ቁልቁለቱን እየተጣደፉ ይወርዱ ነበር። ያያቸው ሁሉ የታመመ ልጅ ሐኪም ቤት የሚያደርሱ እየመሰለው መንገድ ይለቅላቸዋል። አንድ ሽማግሌማ ባርኔጣቸውን አንስተው «እግዜር ይማርላችሁ» አሉ። ታናሺቱ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ፊቷን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀበረች። ታላቂቱ ግን አልሳቀችም። የሽማግሌው ዓይን ከታናሺቱ ላይ ንቅንቅ እንዳላለ አይታለች። አንድ ዕቃ እኩል ተሸክመው እንኳ የሚታዘንላት ታናሺቱ፣ ወፊቱ፣ ናት።

ወፊቱ ያሏት የጭፈራ ቤቱ ደንበኞች ናቸው። እዚያ ከጦር ሠራዊቱ ኦርኬስትራ ጋር ስትዘፍን ሁለት ዓመት አልፏታል። ታላቂቱን ደግሞ ወፊቱ አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ «እትዬ» ስለምትላት፣ ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ እትዬ ብለዋት ቀሩ። የምትሠራው በራዲዮ ጣቢያው የቴፕ መጋዘን ነው። የተቀዳውን ትጠቀልላለች፣ የተበጠሰውን ትቀጥላለች፣ የማይረባውን ታጠፋለች።

ድምፃቸው አንድ ነበር። በስልክ የሚያነጋግራቸው ሰው አይለያቸውም፤ ያሳደጓቸው አክስታቸው እንኳ ከግድግዳ ማዶ ሲያንጎራጉሩ ሲሰሟቸው ይሳሳታሉ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ እትዬ ስትዘፍን ሰው ያዳምጣል፤ ወፊቱ ስትዘፍን ሰው የያዘውን ብርጭቆ ያስቀምጣል። ይህን ከእትዬ በቀር በቃል ያስቀመጠው የለም፤ እሷም ያስቀመጠችው በሆዷ ነው።

ነገር ላሳጥርና እትዬ በእህቷ ትቀና ነበር። ቅናቷ ግን ሐሜት የሚያወራ፣ የሰው እንጀራ የሚዘጋ ዓይነት አይደለም። የወፊቱን ቀሚስ የምትተኩሰው እሷ ናት። ጉሮሮዋ ሲዘጋ ወተት አሙቃ የምታጠጣት እሷ ናት። ምሽት ምሽት ከመጋረጃው ኋላ ካፖርት ይዛ የምትጠብቃትም እሷው ናት። እየተኮሰች ትቀናለች፣ እያጠጣች ትቀናለች፣ ካፖርት እያቀበለች አንጀቷ ያርራል። እንዲህ ያለው ቅናት መድኃኒት የለውም፤ ባለቤቲቱ ደግ ሰው ስለሆነች ማንም አያውቅባትም።

ዛሬ ያስሮጣቸው ነገር አንድ ዘፈን ነው። ዜማው የእትዬ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ቴፕ ስትጠቀልል ከመንኮራኩሩ ዙር ጋር እያንጎራጎረች፣ ስታፈርስ ስትሠራ ከርማ ያወጣችው ነው። ወፊቱ በጭፈራ ቤቱ አንድ ምሽት ዘፈነችው፤ የሙዚቃ ቤቱ ጌታ በዚያ ምሽት ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። በዚያ ዘመን ሸክላ ማስቀረጽ ማለት እሳቸውን ደጅ መጥናት ነው። ሰውየው ዜማውን ይዘውት ወጡና ለራሳቸው ወንድ ዘፋኝ ሰጡት፤ ሰኞ ሊያስቀዱት ቀጠሮ ያዙ። አክስት ጉዳዩን ሰምተው፣ ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ሄደው ቢሟገቷቸው፣ ጌታው ሳቅ ብለው «ሸክላ መሥራት ያማራት ሴት ጭቃ ታቡካ» አሏቸው።

«እናቦካለና» አሉ አክስት።

ብለውም አልቀሩ። ልብስ ሰፊ ናቸውና ያስለመዱት ነገር አለ፦ ከለኩ ይቆርጣሉ፣ ከቆረጡ ይሰፋሉ። ፈቃዱን በስማቸው አወጡ፤ ሸክላው መሀል የሚለጠፈውን ክብ ወረቀትም አሳተሙ። በወረቀቱ አናት ላይ በደማቁ «ጭቃ ሸክላ» ይላል። ማተሚያ ቤቱ ስህተት መስሎት ሁለት ጊዜ ሰው ልኮ አስጠይቋል። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያሉ ሸክላ ቀራጭ ደግሞ፣ ቅዳሜ ሳይመሽ ዘፈኑ የተቀዳበት የቴፕ ክር ከደረሳቸው ሰኞ ሱቅ ሲከፈት ሸክላው እንዲኖር አደርጋለሁ ብለው ቃል ሰጡ። ካልደረሰ ዜማው የጌታው ነው። ሰው ከሰማው በኋላ «የኛ ነበር» ማለት ለማንም አያዋጣም።

መቅረጫውን የሰጡት የመጋዘኑ አለቃ ሻምበል ናቸው። የደንብ ልብሱን ካወለቁ ቆይተዋል፤ ማዕረጉን ግን አላወለቁም። መቅረጫውን ሲያስረክቧት እንደ ጠመንጃ አገላብጠው አሳዩዋትና «ሰኞ ጠዋት ቦታው ላይ ካላየሁት፣ እኔም አንቺም ቦታችን ላይ አንታይም» አሏት። ባዶ ክር ግን አንድ ክንድ እንኳ አልሰጡም፤ ክር የመንግሥት ነው። እትዬ ያላት አንድ ሹም ንግግራቸውን ሲያሳጥሩ ከጫፉ የተረፈች ቁራጭ ብቻ ናት። ሹም ንግግር ማሳጠሩ ራሱ ተአምር ስለሆነ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ክር ይገኛል ብላ አትጠብቅም። ቁራጯ አንድ ዘፈን ብቻ ትይዛለች። እላይዋ ላይ ሁለተኛ መቅዳት የመጀመሪያውን ማጥፋት ነው። ይህን ለአክስቷም ለወፊቱም ነግራቸዋለች።

ከመጋዘን ሥራዋ እትዬ ቤት ድረስ ያመጣችው አንድ ቃል ነበር። አንድ ተናጋሪ ሲያስል፣ ወረቀት ሲያንኮሻኩሽ፣ ቃል ሲስት፣ የመጋዘኑ ሠራተኞች የክሩን ማኅደር ላይ በቀይ እርሳስ «ይደገም» ብለው ይጽፋሉ። አይረባም፣ ይጥፋና እንደ አዲስ ይቀዳ ማለት ነው። በጭፈራ ቤቱ ደግሞ ወፊቱ ዘፍና ስትጨርስ ቤቱ በአንድ አፍ «ይደገም» ይላል። ያው ቃል ነው፤ እዚያ ሲሆን አንጀታችንን በላሽው ማለት ነው። እትዬ ቀን ቀን ቃሉን ትጽፈዋለች፤ ማታ ማታ ከመጋረጃ ኋላ ትሰማዋለች። ለእሷ ብሎት የሚያውቅ ሰው የለም። እሷም ለእህቷ ብላት አታውቅም።

የአክስት የልብስ ስፌት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ይዘጋል። ዛሬም ሠራተኞቹ ወጥተዋል፤ የእግር መኪናዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል። ጣቃ ጨርቅ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው ካፖርቶች ዙሪያውን ተሰቅለዋል። እትዬ ቤቱን የመረጠችው ለዚህ ነው፤ ጨርቅ ድምፅ ይውጣል፣ ማሚቶ አይተርፍም። የመስኮቶቹን ስንጥቅ በገበር ጨርቅ ጠቀጠቀች። ማይክሮፎኑን በእንጨት የልብስ መስቀያ አሥራ፣ ያለቀ ሱፍ በሚሰቀልበት ብረት ላይ አንጠለጠለችው። መቅረጫውን አንዱ የስፌት መኪና ላይ አስቀመጠች።

አክስት አኮርዲዮናቸውን አነገቱ። አንገታቸው ላይ ያለው ሜትር ቁልፎቹን እየነካ ሲያንኳኳ እትዬ አየችና በእጇ አሳየቻቸው። ለልብስ ሰፊ ሜትር ማውለቅ ራቁት መቅረት ነውና እያጉረመረሙ አወለቁት። ወፊቱ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። እትዬ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀች፣ ነጩን ማጫወቻና ቀዩን መቅጃ ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነች፣ ያነሳችውን እጅዋን ጣለች።

አኮርዲዮኑ ገባ። ወፊቱ ገባች።

መብራቱን አላጠፋሁም፣ በሩንም አልዘጋሁት፣
የምትመጣ መስሎኝ፣ ልቤን ደጅ አሳደርኩት።

ዜማው እትዬ እንዳወጣችው ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ዝቅ፣ ዝቅ እያለ መጥቶ «አሳደርኩት» ላይ መሬት ይረግጣል። ሲለማመዱ ወፊቱ ሁሌም እንዲያ ነበር የምትለው። አሁን ግን የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስትደርስ ቆመች። አልወረደችም። ድምፅዋን እዚያው አንጠልጥላ ተወችው፤ ሰሚው እግሩን አንስቶ የት እንደሚያሳርፈው እስኪጠፋው ድረስ።

የእትዬ ክንድ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ቀጥሎ ተናደደች።

ቢበላሽ ኖሮ አትናደድም፤ ታርመው ነበር። ያናደዳት ማማሩ ነው። እሷ ስንት ጊዜ እያፈረሰች የሠራችውን ዜማ ይህች ልጅ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳታስበው፣ አሳመረችው። አሁን ይህ በሸክላ ወጥቶ አገር ሊሰማው ነው። ሰው ሁሉ ያችን ቦታ እየጠበቀ ሊያንጎራጉር ነው። ያች ቦታ ደግሞ የወፊቱ ናት። ከዜማው ሁሉ የእትዬ ያልሆነችው አንዲት ቦታ፣ ሰው የሚወዳት ቦታ ሆና ቁጭ አለች። ፊት፣ መድረክ፣ ጭብጨባ፣ ሁሉንም ይዛዋለች፤ ይህ አንድ ነገር እንኳ ለእኔ ቢቀር ምን አለበት ስትል አሰበች። ወፊቱ እየዘፈነች ነው፤ እትዬ በማዳመጫው ውስጥ እየሰማች ጥርሷን ትነክሳለች።

ዘፈኑ አለቀ። እትዬ ክሩን አቆመች። አክስት ከአኮርዲዮኑ በላይ ዓይናቸውን በቁራጭ ጨርቅ ይጠርጋሉ።

«ይደገም» አለች እትዬ።

የመጋዘኑን ቃል ነበር ያለችው። ምክንያቱንም አዘጋጅታለች፤ ከውጭ የመኪና ክላክስ ገብቶበታል ልትል ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ እንደሚሉት፣ የራሷን ጥፋት ሾፌር ላይ ልትልክከው። ግን ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ወፊቱ ማይክሮፎኑን ትታ ሮጣ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ታለቅሳለች።

«ይደገም አልሽኝ» አለች። «እትዬ፣ አንቺ? ሰው ሁሉ ይለኛል፤ ሰካራሙም ይለኛል። አንቺ ግን አንድ ቀን ብለሽኝ አታውቂም። ካፖርቴን ታቀብይኝና ‹ይበርድሻል› ብቻ ነው የምትይኝ። አልወደደችውም ማለት ነው እያልኩ ስንት ቀን ሳልተኛ አድሬያለሁ።»

እትዬ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። በመጨረሻ እህቷ ጀርባ ላይ አሳረፈችው።

«አሁን ለአንቺ ብቻ ነው የምዘፍነው» አለች ወፊቱ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ቅድም ‹አሳደርኩት› ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ አንጠልጥዬ ተውኳት። አበላሸሁብሽ አይደል? አንቺ እንዳወጣሻት አድርጌ ነው የምላት። አየሽ።»

ትንፋሽ አጥሯት። ያን የመሰለ ነገር የመጣው ትንፋሽ ስላጠራት ነው። እትዬ ይህን ስትሰማ ከቅድሙ ባሰባት። ሰው አስቦ ቢያሸንፍህ አንድ ነገር ነው፤ ተደናቅፎ ሲያሸንፍህ ምን ይባላል?

ወፊቱ ውኃ ልትጠጣ ወደ ጓዳ ገባች። እትዬ ክሩን ወደ ኋላ መለሰች። መንኮራኩሮቹ ሲዞሩ አክስት ከወንበራቸው ሳይነሱ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቋት።

«የትኛው ይደገም ነው?»

እትዬ ቀና አላለችም።

«የእነሱ ነው የጭፈራ ቤቱ? ወይስ ያንቺው የመሥሪያ ቤትሽ?»

«አክስቴ፣ ክላክስ ገብቶበት ነው።»

«እኔም ጆሮ አለኝ» አሉ አክስት። ከዚያ በላይ አልገፉም። ሁለቱንም ያሳደጉ ናቸው፤ የትኛዋ ልጅ የት ላይ እንደሚያማት ያውቃሉ። አኮርዲዮናቸውን አስተካክለው ተዘጋጁ። ይህ ለእትዬ ከስድብ ይከብዳት ነበር።

ወፊቱ ተመለሰች። እንደ ሙሽራ ፊቷ በርቷል። ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ ዓይኗን እህቷ እጅ ላይ ጣለች።

ነገሩ ሁሉ ለእትዬ ተስተካክሎላታል። እህቷ በራሷ ፈቃድ ዜማውን እንዳለ ልትዘፍንላት ቆማለች። ቀዩን ቁልፍ ብትጫነው ያች የተንጠለጠለች ድምፅ ከዓለም ትጠፋለች፤ ማንም እንደነበረች አያውቅም። ሸክላው ላይ የሚወጣው ከራስ እስከ እግሩ የእትዬ ዜማ ይሆናል። የሚጠይቃትም የለም። መሣሪያውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ግን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእትዬ ጆሮ ለባለቤቱ አላዳላ አለ። የቱ እንደሚበልጥ ያውቃል። መጋዘኑ ውስጥ ስንት ክር ሰምቶ የሚጥለውንና የሚያስቀረውን የለየ ጆሮ ነው፤ ዛሬ ብቻ እንዳልሰማ ሁን ብትለው እሺ አላላትም። ሌላም ነገር ነበር። «ይደገም» ያለችው ቃል ገና የየትኛው ቤት ቃል እንደሆነ አልታወቀም፤ የሚታወቀው አሁን በጣቷ ነው። ቀዩን ከተጫነችው ቃሉ የመጋዘኑ ይሆናል፤ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ያለቀሰችው እህቷም በውሸት ያለቀሰች ትሆናለች። ካልተጫነችው ብላዋለች ማለት ነው። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ለእህቷ «ይደገም» ያለች ሰው ትሆናለች።

እጅዋን ጣለች። ነጩን ቁልፍ ብቻ ተጫነች።

መንኮራኩሮቹ ዞሩ። ለሩቅ ተመልካች ሁሉም ነገር እንደ ቅድሙ ነው፤ መሣሪያው ግን ይሰማል እንጂ አይቀዳም። በማዳመጫው ውስጥ ቅድም የተቀዳችው ወፊቱ መዝፈን ጀመረች፤ ፊት ለፊቷ የቆመችው ወፊቱም ጀመረች። ሁለቱ ግማሽ ትንፋሽ ያህል ተለያይተው ይሄዳሉ። እትዬ ግራ ተጋባችና አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ ገፋ አደረገችው። በቀኝ ጆሮዋ የቅድሟ አለች፤ በግራ ጆሮዋ የአሁኗ።

የአሁኗ ሌላ ነበረች። ወፊቱ ለጭፈራ ቤት ስትዘፍን የምታውቀውን ሁሉ ትታዋለች፤ ልጅ ሆነው በአንድ አልጋ ሲተኙ ጆሮዋ ላይ እንደምታንጎራጉርላት አድርጋ፣ ዓይኗን ከእህቷ ላይ ሳትነቅል ትዘፍናለች። «ልቤን ደጅ አሳደርኩት» ላይ ደረሰች። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች። እትዬ ስትሠራው እንደሰማችው፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ አድርጋ፣ መሬቱን ረገጠች። እትዬ ዜማዋ ይህን ያህል የሚያምር መሆኑን አታውቅም ነበር። ለካ እስከ ዛሬ በትክክል ተዘፍኖላት አያውቅም።

የምትፈልገው ይኸው ነው። ሁሌም የምትፈልገው። ወደ አየር እየወጣ ጨርቁ እየዋጠው ነው። ጣቷ ሳታዝዘው ቀዩ ቁልፍ ላይ ሄዶ አረፈ። አሁን ብትጫነው ከመሀል የተቀዳ ቁራጭ ታገኛለች፤ የፊተኛውም ይበላሻል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው። ጣቷ እዚያው ቁልፉ ላይ እንዳለ፣ ሳትጫነው፣ ዘፈኑ አለቀ።

«እንዴት ነበር?» አለች ወፊቱ።

«ሄደን እንስጥ፤ ሊመሽ ነው» አለች እትዬ፤ ክሩን ወደ ማኅደሩ ስታስገባ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። አክስት አኮርዲዮናቸውን አወለቁ። መቅረጫው ላይ ቀይ መብራት አለ፤ ሲቀዳ ይበራል። እሳቸው ከተቀመጡበት እንጂ ወፊቱ ከቆመችበት አይታይም፤ በሁለተኛው ዙር አልበራም ነበር።

ሁለቱ እህትማማቾች በአውቶቡስ ከተማውን አቋርጠው ሸክላ ቀራጩ ቤት ሲደርሱ ሰውየው መዝጊያውን ይዘው ቆመው ነበር። ነጭ ጋዋናቸው ኪስ ላይ እርሳስ ተሰክቷል፤ የሚናገሩት እንደ ጸሐፊ ነው። አስገቧቸው፣ ክሩን በራሳቸው መሣሪያ ላይ አጠመዱ፣ መርፌውን ከማውረዳቸው በፊት አንድ ጊዜ ልስማው ብለው ከፈቱት። እየሰሙ ክቡን ወረቀት አውጥተው ባዶ የቀረውን የስም ቦታ መሙላት ጀመሩ። ድምፅ የማን እንደሆነ ጠየቁ፣ ጻፉ። አኮርዲዮን የማን እንደሆነ ጠየቁ፣ ጻፉ።

«ዜማስ?»

«የእህቴ ነው» አለች ወፊቱ ፈጠን ብላ። «የእሷ ብቻ።»

በዚህ መሀል ክሩ እዚያች ቦታ ደረሰ። ድምፁ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆመ፤ ሳይወርድ ተንጠለጠለ። ሰውየው እርሳሳቸውን ከወረቀቱ አነሱ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ ድምፅ ማጉያው ተመለከቱ፤ ድምፁ ሌላ ስንኝ እስኪጀምር ድረስ መጻፉን ረሱት።

ወፊቱ ወደ እህቷ ዞረች። ከንፈሯ ተከፍቷል።

«የሁለታችን ብለው ይጻፉ» አለች እትዬ ለሰውየው። «ዜማ፣ የሁለት እህትማማች።»

ሰውየው ጻፉ። ከዚያ መርፌያቸውን ሊያዘጋጁ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ወፊቱ እህቷን ክንዷን ያዘቻት።

«ይሄ የመጀመሪያው ነው» አለች። «ሁለተኛውስ? ላንቺ ብዬ የዘፈንኩትስ?»

«አልቀዳሁትም።»

«ለምን?»

እትዬ ብዙ ልትል ትችል ነበር። ይኸኛው ይበልጣል ልትላት ትችል ነበር፤ እውነትም ነው። ምን ልታደርግ አስባ እንደነበረም ልትነግራት ትችል ነበር፤ እሱን ግን ሆድ ይፍጀው አለች።

«ሁለተኛዋ የኔ ናት» አለች። «ለማንም አልሰጥም።»

ወፊቱ እንደ ልጅ ተኮሳትራ፣ «እኔስ? ስዘፍን የት እሰማታለሁ? እኔም እኮ አልሰማኋትም» አለች። ክንዷን ይበልጥ ጠበቅ አደረገችው። «እንዴት ነበረች? ከዚህችኛዋ ትበልጣለች? ንገሪኛ፣ እትዬ።»

እትዬ የእህቷን ዓይን አየች። ያን አስተያየት ከራሷ መስታወት ውስጥ አሳምራ ታውቀዋለች። ወፊቱ የሌላት፣ ብትፈልግም የማታገኘው አንድ ነገር በዓለም ላይ ተገኘ፤ ያለውም እትዬ ዘንድ ነው።

አልነገረቻትም። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አላፈረችም።